እርጥቡ ብልቃጥ

ዓሦቹ ወደ ወንዝ በሚለቀቁበት ቀን ጠዋት ሱዳቤ ቁርስ አልወርድ አላት። ትኩስ ዳቦ፣ አይብ፣ ከእናቷ ጓሮ የተለቀመ የወይራ ፍሬና አንድ ብርጭቆ ሻይ ፊቷ ተቀምጧል። እንደ ወትሮዋ ስኳሯን በጥርሷ ይዛ ሻዩን ፉት አለችና መልሳ አስቀመጠችው። ሦስት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ ተጋድሞ የከረመ ነገር አለ።

በሰፊድ ሩድ ወንዝ ዳር ባለው፣ ስተርጅን የሚባለው ትልቅ የባሕር ዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ሱዳቤ እንዲህ እንደ ቀላል የምትታይ ሰው አይደለችም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የእናት ዓሦቹን እንቁላል ከወንዴ ዘር ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። እጇ ይታመናል፣ አፏ ይፈራል። በተለይ ስለ ጥንቃቄ ማውራት ከጀመረች የሚያስቆማት የለም። የክፍሏ ግድግዳ ላይ «አንዲት የውሃ ጠብታ ሁሉን ትገድላለች» ብላ በገዛ እጇ ጽፋ ለጥፋለች። ነገሩ ማጋነን አይደለም። የስተርጅን ወንዴ ዘር ውሃ እስኪነካው ድረስ ተኝቶ ይቆያል። ውሃ የነካው እንደሆነ ይነቃና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲራወጥ ጉልበቱን ጨርሶ ይሞታል። ስለዚህ ዘሩ የሚቀዳበት ብልቃጥ ድርቅ ያለ መሆን አለበት። አምና ፊሩዝ የሚባለው ሠራተኛ በቅጡ ያልደረቀ ብልቃጥ ቢያቀብላት፣ በሰው ሁሉ ፊት አዋርዳ ኩሬ አጣቢ አድርጋዋለች። የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው ሰውዬው።

መሽቲ ቃንባርን ደግሞ በዚያ ወንዝ ዳር የማያውቅ የለም። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። መሽሀድን ተሳልመው ከመጡ ወዲህ ሚስታቸው እንኳ ያለ መሽቲ አትጠራቸውም። ወንዙ ካስፒያን ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ አርባ ስድስት ዓመት መረብ ጎትተዋል፤ በመጪው መስከረም ጡረታ ይወጣሉ። በደህናው ጊዜ በአንድ ጸደይ አርባ እናት ስተርጅን ሲወጣ አይተዋል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ግን አንዲትም አላዩም። ባሕሩ ሸሸ፣ ግድቡ ወንዙን ዘጋው፣ ሌቦቹም ካቪያር ለሚባለው ውድ እንቁላሉ ሲሉ የቀረውን ጠርገው ወሰዱት። መሽቲ ግን በየማለዳው ጀልባቸውን ያስነሳሉ። ጓደኞቻቸው «መሽቲ፣ ሙሽራዋ ዛሬም ቀረች?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ እሳቸውም «የናንተን ፊት አይታ ነው የተመለሰችው» ይላሉ።

በሚያዝያ አንድ ማለዳ ሙሽራዋ መጣች። ከመሽቲ ቁመት የምትበልጥ፣ ጀርባዋ አመድማ፣ ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ የዱር እናት። አብሯት አንድ የዱር ወንዴ መረቡ ውስጥ ገብቷል። ወደ ካቪያር ክፍል ቢወስዷት ማንም ለምን አይላቸውም ነበር። እሳቸው ግን በእርጥብ ሸራ ጠቅልለው ሰማያዊዋ የጭነት መኪናቸው ላይ ካለው ገንዳ ውስጥ ከነወንዴው ከተቷት። መሪውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ራሳቸው ከነልብሳቸው ገንዳው ውስጥ ገቡና ጭንቅላቷን ደግፈው አብረዋት መጡ። ጣቢያው ሲደርሱ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«ኢንጂነር፣» አሉ፣ «የመጀመሪያ ልጄን ስድር እንኳ እንዲህ አልተንቀጠቀጥኩም። እንግዲህ ተረከቢኝ። አደራሽን!»

«አይስጉ መሽቲ። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት» አለች ሱዳቤ። የምሯን ነበር።

የስተርጅን እንቁላል ያጣብቃል። ዘሩን ካገኘ በኋላ በደለል ካልታሸ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይበላሻል። ደለሉ በከረጢት ታሽጎ ይሸጣል፤ የሰፊድ ሩድ ሰዎች ግን አይገዙትም። ዓሣዋ ከወጣችበት ቦታ አጥማጁ ራሱ ደለል ይቀዳና በሚስቱ ሻሽ አጥልሎ ያመጣል። ልጆቹ በመጀመሪያ ቀናቸው ያሸተቱትን አፈር አይረሱም፣ አድገው ወደዚያው ይመለሳሉ ይባላል። ሱዳቤን እውነት ነው ወይ ብትሏት «እንጃ፣ አልተጠናም» ትላለች። የተገዛ ደለል ግን ነክታ አታውቅም።

እናቲቱ እንቁላሏን የሚያደርሰውን መርፌ ተወግታ በማግስቱ ረፋድ ላይ ለመውለድ ደረሰች። ሱዳቤ በዚህ ሰዓት ትርምስ አትወድም። የዓሣዋ ሆድ በትንሹ ተቀዶ እንቁላሉ ከወጣና ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ረዳቶቿ እናቲቱን ይዘው ወደ ገንዳዋ ሄዱ፤ እሷ በሩን ዘግታ ብቻዋን ቀረች። መሽቲ ደለላቸውን በባልዲ ይዘው በሩ ሥር የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። አንድ የድሮ የሩዝ ተከላ ዘፈን ሲያንጎራጉሩ ይሰማታል። መኪናቸው አጠገባቸው ቆማለች።

የተደነዘዘው የዱር ወንዴ ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ስልኳ ጮኸ። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ፋራማርዝ ናቸው።

«እህሳ የኛ ባለሙያ! ከቴህራን እየደወሉ ነው፤ ሐምሌ ላይ ልቀቱን ራሳቸው መጥተው ያያሉ። ምን ያህል ይፈለፈላል ልበላቸው?»

«ከመቶ ሰማንያው» አለች፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ።

«ሰማንያ! አንቺ እያለሽ ምን እሆናለሁ?»

ደስ አላት። ሙገሳ የማይወድ ማን አለ? ስልኩን እንደያዘች ንጹሑን ብልቃጥ እንደ ልማዷ እንደገና አለቀለቀችው፤ ከዚያ እየሳቀች፣ እየመለሰች፣ የወንዴውን ዘር በቀጭን ቱቦ ቀዳችበት። ስልኩን ዘግታ ከዘሩ አንዲት ጠብታ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች። ዘሩ ተኝቶ መገኘት ነበረበት። ሁሉም ግን እየተራወጡ ነው። ገና ውሃ አልጨመረችም።

ዓይኗን አንስታ ብልቃጡን አየችው። ውስጡ እርጥብ ነው፤ አለቅልቃ ማድረቁን ረስታለች። ተመልሳ ወደ ማይክሮስኮፑ ስታጎነብስ ሩጫው ቀዝቅዟል። ጥቂቶቹ ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉ። ከዚያ እነሱም ቆሙ።

ከወንዴው ላይ ሌላ ለማግኘት ሞከረች። ጠብታ አልቀረውም። እንቁላሉ ሳህን ላይ ተዘርግቶ፣ ጥቁር ግራጫ ሆኖ እያብለጨለጨ ይጠብቃታል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቢታገሥ ነው። ግድግዳው ላይ የራሷ ጽሑፍ አለ። ፊሩዝ ግቢው ውስጥ ኩሬ ሲፈገፍግ የብሩሹ ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቷ የመጣው እናቲቱ አይደለችም፣ መሽቲም አይደሉም። የመጣባት ፊሩዝ ይህን የሰማ ቀን የሚስቀው ሳቅ ነው። ይህን ከሰው ሁሉ ደብቃለች፤ ለራሷ እንኳ ለማመን ሦስት ወር ፈጅቶባታል።

በውስጥ በር በኩል ማዶ ባለው ክፍል፣ ለሥጋ የሚረቡ፣ ከሳይቤሪያ የመጡ ስተርጅኖች አሉ። አንዱን ወንዴ አወጣች። ይህን ጊዜ ብልቃጡን ሦስት ጊዜ አደረቀችው። ዘሩን ቀዳች፣ እንቁላሉ ላይ አፈሰሰች፣ ንጹሕ ውሃ ጨምራ በዝይ ላባ ቀስ አድርጋ አማሰለች። መዝገቡ ላይ የዱሩን ወንዴ ቁጥር ጻፈች። ከዚያ በኋላ ነው በሩን የከፈተችው።

«መሽቲ፣ ደለሉን።»

ባልዲውን አቀበሏት። «ሁሉ ሰላም?»

«ሁሉ ሰላም» አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

እንቁላሉ ከመቶ ሰማንያ ሦስት ተፈለፈለ። ዶክተር ፋራማርዝ ግንባሯን ሊስሟት ምንም አልቀራቸውም። እናቲቱ ቁስሏ ሲጠግግ መሽቲ ራሳቸው ወስደው ወደ ባሕሩ መለሷት። ትንንሾቹ አደጉ፤ ስድሳ ሺህ ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው የጣት ርዝመት አወጡ። መሽቲ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሊጠይቋቸው ይመጣሉ፤ ገንዳው ላይ አጎንብሰው «እናንተ የናቴ ልጆች፣ ብሉ!» ይሏቸዋል። አንድ ጊዜ አንዱን መዳፋቸው ላይ አድርገው አፍንጫውን ረጅም ጊዜ አዩት። «አፍንጫው ትንሽ ሾል አላለም?» አሉ። ወዲያው ደግሞ «አይ፣ የእኔ ዓይን ነው የደከመው» ብለው መለሱት። ሱዳቤ እንደዚያ ዕለት ራሷን ጠልታ አታውቅም። አዛውንቱ የገዛ ዓይናቸውን ሲጠራጠሩ እሷ ከጎናቸው ቆማ ዝም አለች።

እናም የልቀቱ ቀን ደረሰ። ሱዳቤ ሻይዋን ትታ ተነሳችና ቀጥ ብላ የኃላፊው ቢሮ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ለእንግዶቹ ከፉማን ከተማ የመጣ ብስኩት በካርቶን በካርቶን ተደርድሯል። ቆማ፣ እጇን አጣምራ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዶክተር ፋራማርዝ ካርቶኑን መቁጠር አቁመው አዳመጡ።

«ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያውስ ለእኔም አልነገርሽኝም።» ተነስተው በሩን ዘጉ። «እንግዶቹ ራሽት ከተማን አልፈዋል። ምን ልበላቸው? ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ሱዳቤ። ዓሣ ዓሣ ነው።»

«ዲቃላ ናቸው እኮ ዶክተር። ከተረፉት ጥቂት የዱር ዓሦች ጋር ቢራቡ ያ ዘር ተበላሸ ማለት ነው። መልሶ ማጥራት የሚባል ነገር የለም።»

«ይህን ሦስት ወር ሙሉ አታውቂውም ነበር?»

ዶክተሩ አንድ ብስኩት አንስተው ሰጧት፣ እንደ ሕፃን። «በይ ፊትሽን ታጠቢ። ፎቶ አለብን።»

ብስኩቱን በእጇ እንደያዘች ወደ ወንዙ ወረደች። ድንኳን ተተክሏል፣ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ድምፅ ማጉያው «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል። ፊሩዝ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በዓሣ የተሞሉትን ባልዲዎች ውሃው ዳር ይደረድራል። ሲያያት ጢሙን አሻሸ።

«ኢንጂነር፣ ባልዲዎቹን ከውጭ በኩል በጨርቅ አድርቄያቸዋለሁ። ዛሬ እንኳ እንዳይቆጡኝ ብዬ ነው።»

ቀልዱ ነው። ማንም ያለ ክፋት የሚቀልደው ቀልድ ነው። ሱዳቤ ልትስቅ ሞከረችና አፏ አልታዘዝ አላት።

መሽቲ ቃንባር ሚስታቸው የተኮሰችላቸውን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። የመጀመሪያውን ባልዲ የሚያፈሱት እሳቸው ናቸው፤ ማጉያው ስማቸውን ሁለት ጊዜ ጠራ። ከኪሳቸው በሻሽ የተቋጠረ ደለል አወጡና ቆንጠር አድርገው ባልዲው ውስጥ ጨመሩ።

«መንገዱን እንዳይስቱ» አሉ። «በዚህ ባሕር ብዙ መንከራተት አለባቸው። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው የሚመለሱት። እኔ አላያቸውም፤ አንቺ ግን ታያቸዋለሽ። ይኸው ፊሩዝ ምስክር ነው፦ ሲመለሱ ሰላም በይልኝ።»

ባልዲውን አንስተው ውሃው ውስጥ ገቡ። ጉልበታቸው ድረስ ሲደርሱ ሱዳቤ ጫማዋን ሳታወልቅ ተከተለቻቸው። ባልዲውን ሊያዘነብሉ ሲሉ እጇን ባልዲው አፍ ላይ አደረገች።

«አያፍስሱት፣ መሽቲ።»

«ምነው? ፎቶ አንሺው አልደረሰም?»

«የእናቲቱ ልጆች ናቸው። የወንዴው ግን አይደሉም።»

አልገባቸውም። ሱዳቤ ነገረቻቸው። ስልኩን፣ ብልቃጡን፣ ማይክሮስኮፑ ሥር ሲራወጡ የቆሙትን፣ ማዶ ካለው ክፍል ያመጣችውን፣ መዝገቡ ላይ የጻፈችውን። ፊሩዝ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ባልዲ ይዞ ቆሟል፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ለሱም እየተናገረች ነው። ስትጨርስ ውሃው በእግሮቻቸው መሃል ይፈሳል። ከድንኳኑ ሥር ዶክተር ፋራማርዝ እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

«ብልቃጡ ረጥቦ ነው?» አሉ መሽቲ በመጨረሻ። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ይህማ ይደርሳል። እኔ ስንት መረብ ሳልቋጥር ጥዬ አውቃለሁ መሰለሽ? ሰው ነን።» ባልዲውን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። «ያን ቀን የት ነበርኩ?»

«በሩ ላይ። ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው።»

«መኪናዬስ?»

«አጠገብዎ።»

«ዋዜማውን ማታ የወንዙ ማዶ አጥማጆች አንድ የዱር ወንዴ አውጥተው ነበር። ሲነካ ዘሩ የሚፈስ፣ የደረሰ። ጠዋት ደውለው ነገሩኝ፤ የራሳችን አለን አያስፈልገንም አልኳቸው። አርባ ደቂቃ መሄጃ፣ አርባ ደቂቃ መመለሻ።» ድምፃቸው አልጨመረም፤ እንደውም ቀነሰ። «እንቁላሉ ስንት ይቆያል አልሽ?»

ሱዳቤ ዓይኗን ወደ ባልዲው ጣለች።

«ስንት ይቆያል፣ ልጄ?»

«ሁለት ሰዓት።»

መሽቲ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለረጅም ጊዜ ነቀነቁ። «ምን አስቸገረሽ? በሩን ብትከፍቺው እኮ እዚያው ነበርኩ። ደግሞ ጠይቄሻለሁ። ሁሉ ሰላም ነው አልሽኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ...»

«እናቲቱ መቼ ነው ደግማ የምትወልደው?»

«አራት ዓመት። ምናልባት አምስት። ከተረፈች።»

በጣታቸው አልቆጠሩም፤ ሒሳቡን ግን ሁለቱም ሠሩት። ለጡረታቸው የቀረው ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ያቺ ዓሣ በሌላ ሰው መረብ ብትገባ ማን በገንዳ ውስጥ አቅፎ እንደሚያመጣት አይታወቅም። ዶክተሩ ከዳር ሆነው «ምን ሆናችሁ? እየጠበቅን ነው!» ብለው ጮኹ።

«ዛሬ አይለቀቁም!» አሉ መሽቲ ጮክ ብለው። «ዓሦቹ የወንዙ አይደሉም!»

ማጉያው ጸጥ አለ። አዛውንቱ ባልዲውን አቅፈው ወደ ዳር መውጣት ጀመሩ። ሱዳቤ ልታግዛቸው እጇን ዘረጋች፤ ክርናቸውን ወደ ጎን ሸሸት አደረጉባት። አልተቆጡም። ውሃው እንዳይፈስ ተጠንቅቀው፣ ቀስ እያሉ ነው የወጡት፤ «እናንተማ ምን አጠፋችሁ» ሲሉ ሰማቻቸው፣ ለትንንሾቹ።

ሱዳቤና ፊሩዝ ብቻቸውን ቀሩ። ያ ስትፈራው የከረመችው ሳቅ አልመጣም። ቢስቅ ይሻላት ነበር።

«አቶ ፊሩዝ፣ ያምናው ነገር...»

«በዚያ በኩል ይያዙልኝ፣ ኢንጂነር» አላት ባልዲውን እያመለከተ። «ብቻዬን ይከብደኛል።»

ባልዲዎቹን አንድ በአንድ መልሰው አወጡ። ዓሦቹ ወደ እርባታ ኩሬ ሄዱ፣ ለሥጋ። እንግዶቹ ብስኩታቸውን በልተው ተመለሱ። ዶክተር ፋራማርዝ ከመኪናቸው ሳይወርዱ «ነገ ጠዋት ቢሮዬ» አሏት፤ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፣ እሱ አላስጨነቃትም። የመሽቲ ሰማያዊ መኪና ከግቢው ስትወጣ ቆማ አየቻት። አልዞሩም።

ጫማዋ ውሃ እንዳቀረረ ወደ ክፍሏ ገባች። መዝገቡን ከፍታ በሚያዝያ የጻፈችውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰረዘችውና ከጎኑ እውነቱን ጻፈች። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ላጠችው። ከዚያ እንቁላሉ ተዘርግቶበት በነበረው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ያን ቀን በቆመችበት ቦታ ቆመችና ወደ በሩ ተራመደች። እርጥብ ጫማዋ ወለሉ ላይ ምልክት ተወ። በሩን ከፈተችው። የእንጨቱ ሳጥን እንደተቀመጠ ነው። ዞራ ምልክቶቹን ቆጠረቻቸው፤ አራት እርምጃ ነው።